የድንች ድቡልቡሉ ጉድጓድ

ሲሌዥያ በሚባለው የፖላንድ የከሰል ማዕድን ምድር፣ አንዲት ወጥ ሠሪ የቆፋሪዎቹ ምግብ ቤት ውስጥ የአውራጃዋን ቢጫና ሰማያዊ ባንዲራ ሰቅላ ነበር። አንድ ቀን፣ የአውራጃው ራሱን ማስተዳደር ሲነሣ የሚያንገሸግሸው ሹም ከዋና ከተማው ከዋርሶ መጥቶ ለምሳ ተቀመጠ። በሲሌዥያ ልማድ መሃሉ በአውራ ጣት የተጎደጎደ የድንች ድቡልቡል ቀረበለትና በሹካው አነሣው።

«እናንተ ደህናውን ነገር መቦርቦር ትወዳላችሁ። አሁን ደግሞ አገራችንን ልትቦረቡሯት ነው» አላት ወጥ ሠሪዋን። «የዚህን ጉድጓድ ጥቅም ንገሪኝ፤ ካልሆነ ባንዲራሽን አውርጂና ሥራሽን ልቀቂ።»

ቆፋሪዎቹ መብላታቸውን አቆሙ። እሷ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«መረቁ እንዲቀመጥበት ነው፣ ጌታዬ» አለችው። «ጉድጓድ ከሌለው ተንሸራቶ ይሄዳል። የእኛ መረቅ ደግሞ በተንሸራተተ ቁጥር የሚያርፈው ዋርሶ ነው።»