የወደቀው ማንጎ የመንገደኛ ነው

ተረት ልንገራችሁ፤ «እንስማሽ» በሉኝ። አላላችሁም? ይሁን፣ እኔው ብዬዋለሁ።

በአንድ ሐይቅ ዳር እትዬ ጥሩወርቅ የሚሏት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያላት አንድ የማንጎ ዛፍና አንድ የሚያፈስ ጣራ ነው። ማንጎዋ ባሕር ተሻግሮ ቢሸጥ ጣራዋ ቆርቆሮ ይለብስ ነበር። ምኞቷ ይኸው ነው፣ ሌላ የላትም።

መርከቡን ጫንልኝ አለችው። ማዶ ያለው ወደብ ይመልሰኛል ብሎ አልጭን አለ።

ወደቡን ለመነችው። የጤና ወረቀት ሳላይ ብሎ አላስገባ አለ። ወደቡ አላስገባ አለ፣ መርከቡ አልጭን አለ፣ ጣራው ማፍሰሱን አልተው አለ።

ወረቀቱን ወደምትፈርመው የዕፅዋት ጤና መርማሪ፣ ወደ ሰርካለም ሄደች። ሰርካለም ደግ ልጅ ናት፣ ክፋት የለባትም። ማንጎውን በቢላ ከፈል አድርጋ አየችው።

«እትዬ፣ ትል አለበት። ይህ ትል የሰው አገር ማሳ ከገባ ያንን ገበሬም ያስለቅሳል» አለቻት።

መርማሪዋ አልፈርም አለች፣ ወደቡ አላስገባ አለ፣ መርከቡ አልጭን አለ፣ ጣራው ማፍሰሱን አልተው አለ።

ትሉን ውጣ ብትለው፣ እናቴ ዝንቧ እዚህ ወልዳኝ ወዴት ልሂድ ብሎ አልወጣ አለ። ዝንቧን ሂጂ ብትላት፣ ከዛፉ ሥር የበሰበሰ ማንጎ ሞልቶልኝ ብላ አልሄድ አለች። ዝንቧ አልሄድ አለች፣ ትሉ አልወጣ አለ፣ መርማሪዋ አልፈርም አለች፣ ወደቡ አላስገባ አለ፣ መርከቡ አልጭን አለ፣ ጣራው ማፍሰሱን አልተው አለ።

የወደቀውን ማንጎ ጉድጓድ ውስጥ ልቅበርህ አለችው። እኔ መች የአንቺ ሆኜ አላት። እውነቱን ነው። በዚያ አገር የወደቀ ፍሬ የመንገደኛ ነው፤ አይለመንም፣ ምስጋናም አይጠየቅበትም። ባለዛፍ ካነሳው ነውር ነው። ከዛፍ ተቀጥፎ የተሰጠ ግን ምጽዋት ነው። እና የወደቀው አልቀበር አለ፣ ዝንቧ አልሄድ አለች፣ ትሉ አልወጣ አለ፣ መርማሪዋ አልፈርም አለች፣ ወደቡ አላስገባ አለ፣ መርከቡ አልጭን አለ፣ ጣራው ማፍሰሱን አልተው አለ።

መንገደኛዋ ሸክላ ሻጯ እማማ ዘርትሁን ነበሩ። በየገበያው ቀን ሸክማቸውን ከዛፉ ሥር አውርደው፣ አንድ ማንጎ አንስተው በልተው ያልፋሉ። የተረፈው እዚያው ይበሰብሳል። እትዬ ጥሩወርቅ እያፈረች ችግሯን ነገረቻቸው። እማማ ዘርትሁን ቀና ብለው ጣራውን አዩት።

«ቅበሪው ልጄ» አሉ።

ያኔ የወደቀው ተቀበረ፣ ዝንቧ ሄደች፣ ትሉ ጠፋ፣ መርማሪዋ ፈረመች፣ ወደቡ አስገባ፣ መርከቡ ጫነ፣ ጣራው ቆርቆሮ ለበሰ።

እሰይ በሉ እንጂ። እኔማ ማለቱ ይከብደኛል።

የገበያ ቀን ደረሰ። የዛፉ ሥር ጥርግ ብሏል። እማማ ዘርትሁን ሸክላቸውን ሳያወርዱ አለፉ። እትዬ ጥሩወርቅ ትልቁን ማንጎ ከዛፉ ቀጥፋ ሮጣ ደረሰችባቸው።

«እማማ፣ ይቺን ይቅመሱልኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ገና ለምጽዋት አልደረስኩም» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ዝናቡ ያን ቀን መጣ። ቤቱ ውስጥ ጠብ የሚል ነገር የለም። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ማንጎዋን እንደያዘች ደጅ ቆማ መንገዱን ታያለች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን በማንጎ አታብሱልኝ።