ሙጀሌና የገበጣው ሦስተኛ ጉድጓድ

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ ተረት አለኝ።

ዕቃም እንስሳም አፍ በነበረው ዘመን፣ አያ ደረሱ የሚባል ብርቱ አራሽ ነበር። ሙጀሌ እግሩ ውስጥ ገብቶ፣ ያን ብርቱ ሰው መደብ ላይ አዋለው።

መርፌ በየገበያው ቀን ሙጀሌውን እያወጣች ወለሉ ላይ ትጥላለች።

«ዛሬ አሥር አወጣሁ!» አለች።

በሚቀጥለው ገበያ፣ «ዛሬም አሥር!»

በሦስተኛውም፣ «አሁንም አሥር! እንደኔ ያለ ጀግና የት አለ?»

ሙጀሌ ከአቧራው ውስጥ ሳቀ። «እሜቴ መርፌ፣ አንቺ አውጪ፣ እኔ ልግባ!»

ዝናቡ ሊመጣ ሦስት ገበያ ቀረው። አያ ደረሱ ያን ጊዜ በሬ ካልጠመደ ማሳው ጦም ማደሩ ነው።

አያ ደረሱ ስመኝ የምትባል ልጅ ነበረችው። ሰው ፊት ድምጿ አይወጣም፤ ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። መሬት መሬት ስለምታይም፣ የወደቀው ሙጀሌ ወዴት እንደሚሄድ ያየችው እሷ ብቻ ናት።

ደጅ የተቆፈረው ገበጣ ጠራት። «ነይ የኔ ዓይናፋር፣ በእኔ ላይ ቁጠሪው። አንዱ ጉድጓዴ እግር ይሁን፣ አንዱ ወለል።»

ስመኝ በእግሩ ጉድጓድ ውስጥ አሥር ጠጠር አኖረች። አንዱ ሙጀሌ ሁለት ሁለት ልጅ ቢያተርፍ ብላ፣ ወለሉ ውስጥ ሃያ ጨመረች። እግሩን ባዶ አደረገችው። ከወለሉ ግማሹ ወደ እግሩ ተመልሶ ቢወጣስ? አሥር!

«አባዬ፣ እግርህን ብናጸዳ ወለሉ መልሶ ይሞላዋል» አለች ቀስ ብላ። «መርፌ ያወጣችውን እሳት ውስጥ ትጨምር፤ ወለሉ በእበት ይለቅለቅ። ጠጠሬ እንደሚለው፣ ያን ጊዜ በፊተኛው ገበያ አራት ይወጣል፣ በሁለተኛው አንድ፣ በሦስተኛው ምንም።»

«ጠጠር ደግሞ መድኃኒት ሆነና!» አለች መርፌ።

እንደተባለው ተደረገ። በፊተኛው ገበያ አራት ወጣ። በሁለተኛው ግን መርፌ ጮኸች፦ «አምስት! አንድ ያልሽው የታለ፣ እመት አዋቂ?»

ሙጀሌ በደስታ ዘለለ። ስመኝ አንገቷን ደፍታ ወደ ገበጣው ሄደች።

«ጠጠሬ አልዋሸም» አለ ገበጣው። «ስንት ጉድጓድ አለኝ? ስንቱን ተጫወትሽ?»

ስመኝ ዞር ብላ በበሩ ወደ ቤት ውስጥ አየች። ውሻቸው መደብ ሥር ተኝቶ መዳፉን ይልሳል።

«አንተም አለብህ እንዴ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ውሻው። «ሰው ሲቆጠር ከደጅ ነኝ፤ ሲመሽ ግን ከመደብ ሥር።»

ስመኝ በሦስተኛው ጉድጓድ ለውሻው ጠጠር አኖረች። ያልተለቀለቀውን መደብ ሥር በእበት ለቀለቀች። ከዚያ መርፌን አነሣች።

«እኔን ለውሻ?» አለች መርፌ።

«ለእግር ነው፣ እሜቴ» ብላ ስመኝ ከውሻው መዳፍ ያወጣችውን ሙጀሌ እሳት ውስጥ ጨመረች።

«አሁንስ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ልጄ?» አለ አባቷ።

ስመኝ ቀና አለች፤ ድምጿም ጎረቤት ድረስ ተሰማ። «ባዶ!»

በሦስተኛው ገበያ መርፌ ጣት ከጣት ፈለገች። ተረከዝ ፈለገች። የውሻውንም መዳፍ ፈለገች። «የለም» አለች በመጨረሻ፣ «ምንም የለም።»

በማግስቱ ዝናብ ጣለ፤ አያ ደረሱም በሬዎቹን ጠምዶ ወጣ።

«አያ ደረሱ፣ ማን አዳነዎት?» አሉት ጎረቤቶቹ።

«ዝምተኛዋ ልጄ!» አለ ሞፈሩን ይዞ። «መርፌ ያወጣችውን ስትቆጥር፣ ልጄ የቀረውን ቆጠረች!»

ከዚያ ቀን ወዲህ እግሩን ያመመው ሁሉ መጀመሪያ ስመኝን ይጠይቃል። እሷም ጠጠሯን ይዛ፣ «ቤትህ ውሻ አለ?» ትላለች።

ያወጡትን መቁጠር ለፉከራ፣ የቀረውን መቁጠር ለመዳን። ተረቴም እግሩን ታጥቦ፣ የተለቀለቀ ወለል ላይ ዐረፈ።