የማንያህልሻል ትከሻ

በወርካ ገደል አፋፍ ላይ የሚሄደውን የጥንት የድንበር ካብ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ከምዕራቡ ጫፍ ተነሥተው ካቡን ይዘው ሲጓዙ ይውሉና፣ እኩሌታውን መንገድ ትንሽ አለፍ እንዳሉ ሁሉም አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብሎ የመጣው ካብ በድንገት ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ጨቅማ የምትባለውን መንደር ከነምንጯና ከነማሳዋ አቅፎ ይዞርና ተመልሶ ወደ አፋፉ ይወጣል። ቀጥ ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ብዙ ድንጋይና ብዙ ጉልበት ይተርፍ ነበርና፣ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ካቢው ተሳስቷል ይላል። አልተሳሳተም። ያ ቦታ የማንያህልሻል ትከሻ ይባላል፤ ስሙን ያገኘበትንም ነገር ሽማግሌዎች እንዲህ ብለው ያወራሉ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን አገሩን ይገዛ የነበረው ፊታውራሪ ጉልላት፣ ከቆላው ማዶ በየበጋው እየመጣ ከብት የሚነዳውንና ቤት የሚያቃጥለውን ወራሪ የሚያግድ ካብ በአፋፉ ላይ እንዲሠራ አዘዘ፤ ለየደብሩም ድርሻ ድርሻውን አከፋፈለ። ካብ መካብ ለአገሬው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ድንበር ላይ የሚቆም ካብ ያለ መሐላ አይጀመርም ነበር። በሐሰት መስክሮ የማያውቅ አንድ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ «እግሬ ከእውነተኛው ድንበር ቢወጣ ይህ ድንጋይ ይጫነኝ» ብሎ ምሎ ይሄዳል፤ ካቢዎቹም ዱካውን እየተከተሉ መሠረት ይጥላሉ። ድንጋዩ መሬት እስኪነካ ድረስ ተሸካሚውን የያዘ ወይም የመታ ሰው መሐላው ወደ እርሱና ወደ ልጆቹ ይዞራል ይባል ነበርና፣ ይህን የሚደፍር አልነበረም።

ለዚህ ሥራ የተመረጡት በደጋው የሚኖሩ እመት ማንያህልሻል የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ከዚያ በፊት በብዙ የወሰን ክርክር ድንጋይ ተሸክመው፣ የተረታው ሰው እንኳ ይግባኝ ያለበት ጊዜ የለም ይባላል። ፊታውራሪውም የመረጣቸው አስቦ ነው፤ በጨቅማ ዘመድም ርስትም ስለሌላቸው ለመንደሯ አይቆረቆሩም ብሎ ነው። እርሱ አስቀድሞ ቆርጦ ነበርና፤ ካቡ አፋፉን ይዞ ቀጥ ይላል፣ ጨቅማ ከውጭ ትቀራለች፣ ወራሪው እርሷን ሲዘርፍ ደጋው ይዘጋጃል። ጨቅማዎችም ይህን ሰምተው ገሚሱ እህሉን ይቀብር፣ ገሚሱ ጓዙን በአህያ ይጭን ነበር።

በአንድ ማለዳ እመት ማንያህልሻል ምለው ድንጋዩን አነሡ። ካቢዎቹ ከኋላ፣ ፊታውራሪውም በበቅሎ ከጎን ይከተሏቸው ነበር። ከጨቅማ አናት ሲደርሱ ግን ቁልቁለቱን ያዙ።

«ማንያህልሻል፣ መንገዱ ወዲህ ነው» አለ ፊታውራሪው።

«መንገዱስ ወዲያ ነው፣ ጌታዬ። እኔ የማልሁት ግን በድንበሩ ነው።»

«ይህ ስንት ድንጋይ እንደሚጨምር ታውቂያለሽ?»

«ግብር ሲሰበሰብ ጨቅማን ሠላሳ ጭስ፣ ሠላሳ ቤት ብለው ያስቆጠሩ እርስዎ ነዎት። ለግብር የተቆጠረ ለካብም ይቆጠራል።»

«ድንጋዩን አውርጂው አልሁሽ።»

«ቢከብደኝ አወርደው ነበር።»

ፊታውራሪው ወደ ወታደሮቹ ዞረ፤ ወታደሮቹ የበቅሎዋን ጆሮ ያዩ ጀመር። ቢሰውር የሚባለውን የካቢዎቹን አለቃ ጠርቶ «አፋፉን ይዘህ ካብ» ቢለው፣ «ካዘዙን እንክባለን፤ ያልተማለበት ካብ ግን ክረምት አይሻገርም። ሲናድ እንዳይቆጡን ነው» አለና ዱካውን ተከትሎ ወረደ።

እመት ማንያህልሻል የመጨረሻው ማሳ ዳርቻ ሲደርሱ፣ ምናሴ የሚባል ገበሬ ከአህያው ጎን ቆሞ ያያቸው ነበር። «እመት፣ በእኔ ማሳ በኩል ባይመጡ ይሻልዎ ነበር። ድንጋይ ብቻ ነው» አላቸው።

«እሱማ በጀን። ካቢዎቹ ከሩቅ አይሸከሙም፤ አንተም ማሳህ ይጠራልሃል። ይልቅ ያንን ጓዝ አራግፍና አህያህን ሥራ ስጣት።»

ያን ጊዜ ጨቅማዎች የጫኑትን ጓዝ ሁሉ አራግፈው በአህዮቻቸው ድንጋይ ያቀርቡ ጀመር ይባላል። የትከሻው ድንጋይ ከሌላው ካብ ይልቅ የጠቆረው ከጨቅማ ማሳ የተለቀመ ስለሆነ ነው። ፊታውራሪው ስለ ድንጋይ የሚያነሣው ሒሳብም በዚያው ተዘጋ።

ቁጣው ግን አልበረደም። ባልቴቷ መንደሯን ዞረው አፋፉ ላይ ሲወጡ፣ እግር ብረት የያዙ ሁለት ወታደሮች አቁሞ ጠበቃቸው። ድንጋዩ መሬት ሲነካ መሐላው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ እርሳቸው እንደ ማንኛውም አመፀኛ ይታሰራሉ።

«እንግዲህ እስከ መቼ ትሸከሚዋለሽ?» አላቸው።

እርሳቸው አዲስ ወደተጣለው መሠረት ተጠግተው ቆሙና፣ «ቢሰውር፣ ና ተቀበለኝ» አሉ። ቢሰውርም ድንጋዩን ከትከሻቸው አንሥቶ በካቡ ላይ አኖረው፤ እንዳይነቃነቅም ዙሪያውን በጠጠር አጠበቀው። ድንጋዩ መሬት አልነካም። መሬት ካልነካ ደግሞ መሐላው አላለቀም።

ፊታውራሪው ያንን ድንጋይ ጎትቶ የሚጥልለት ወታደር አላገኘም ይባላል። እመት ማንያህልሻል የዚያኑ ዕለት ቤታቸው ገቡ፤ በእርጅና እስኪሞቱም ድረስ እጁን ያነሣባቸው የለም። በተከታዩ በጋ የመጣው ወራሪም ጨቅማን ከካቡ ውስጥ አግኝቷት ባዶ እጁን ተመለሰ ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ የሚያልፍ ሰው፣ የአገር ልጅም ሆነ እንግዳ፣ ካቡ ቁልቁል ከሚታጠፍበት ላይ ድንጋይ አንሥቶ ይሸከማል፤ ጨቅማን ዞሮ ሲጨርስም መሬት ሳያስነካ ካቡ ላይ ያኖረዋል። ሌላውን ካብ ዝናብና ከብት ንደውት በብዙ ቦታ ከጉልበት አያልፍም። የትከሻው ጫፍ ግን ከሰው ቁመት በልጧል፤ ዛሬም ያድጋል።

ባለፈው በጋ ከከተማ የመጣ አንድ ጎብኚ ድንጋይዋን ለማኖር ተንጠራርታ የነበረችን የጨቅማ ሴት፣ «ወራሪው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ እስከየት ልታደርሱት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ድንጋይዋን አመቻችታ አኖረችና፣ «ፊታውራሪው ቢመለስ በበቅሎው እስከማይሻገረው» አለችው።