የጓንጉል ኩባንያ ከአገር መዝገብ ሊገባ ሲል

ነገሩ የሆነው በ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.፣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ፣ በአንዲት የወሎ የገበያ ከተማ ነው። አገረ ገዥው ደጃዝማች «ለልጅ ልጅ ሊነገር የሚገባው ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጻፍ» ብለው አዘዙ። ጸሐፊ ሆነው የተሾሙት መሪጌታ ላቀው ነበሩ፤ ቅኔያቸው የተፈራ፣ ምላሳቸው ደግሞ ከቅኔያቸው የባሰ። ለድካማቸውም ማደሪያ መሬት ተቆረጠላቸው፤ ቤተሰባቸው የሚኖረው በእርሱ ነበር። መሪጌታ ሥራውን ሲጀምሩ አንድ ሕግ አወጡ፦ የባለጉዳዩን እንጀራ ያልበሉ ሦስት ሰዎች ካልመሰከሩለት በቀር፣ ማንም ይሁን ማን አይጻፍም።

በመዝገቡ የተጻፈ የንግድ ቤት ሸቀጡ ኬላ ላይ ሳይፈተሽ እንዲያልፍ ተፈቅዶ ነበር። ስለዚህ ካቋቋሙት ሦስት ወር ያልሞላውን «ጓንጉልና ልጆቹ ኩባንያ» ሊያስጽፉ አቶ ጓንጉል ከሁሉ ቀድመው ደረሱ።

«መሪጌታ፣ ኩባንያችንን ይጻፉልን።»

«ምን ሠራ?»

«ገና ነው እንጂ ይሠራል! ስሙ ወደፊት አገር የሚያዳርስ ነው።»

«አቶ ጓንጉል፣ ተዝካር የሚወጣው ለሞተ ሰው ነው፤ ይሞታል ተብሎ ለሚጠበቅ አይደለም።»

በሳምንቱ አቶ ጓንጉል አሥራ ሁለት ምስክሮች ይዘው ተመለሱ። ሁሉም ተራ በተራ «ይህን ኩባንያ የማያውቅ የለም፤ ይግደለኝ!» እያሉ ማሉ። መሪጌታ እጃቸውን እንዲዘረጉ ጠየቋቸው። የአሥራ ሁለቱም ጣት አቶ ጓንጉል ካበሏቸው የቁርጥ ስብ የተነሣ ያብለጨልጭ ነበር።

«አቶ ጓንጉል፣ እዚህ የመጣው ምስክር አንድ ብቻ ነው። አንድ በሬ አሥራ ሁለት ጊዜ መሰከረ።»

ሌላ ቀን ደግሞ አዝማሪ አስከትለው መጡ። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ኩባንያውን ሰማይ ሰቀለው።

«ሰሙ መሪጌታ? አገር ዘፈነልን እኮ!»

መሪጌታ ወደ አዝማሪው ዞረው «ተቀበል!» አሉና ስንኝ ሰጡት። እርሱም እንደ ሙያው ልማድ፣ የተቀበለውን አንዲት ቃል ሳያጓድል አዜመ፦

«የላቀው አህያ ባለ ግርማ ሞገስ፣
ከደጋ ተነሥቶ ዝናዋ ባሕር ሲደርስ።»

«እንግዲህ ለአህያዬም አገር ዘፍኖላታል። ተራ ይጠብቁ አቶ ጓንጉል፤ እርሷ ትቀድማለች።»

አቶ ጓንጉል ይህን ጊዜ ወደ ዳኛው ወደ ግራዝማች ውበቱ ዘንድ ሄደው ከሰሱ። ግራዝማች መሪጌታን ከነመዝገቡ አስቀርበው ቢያገላብጡ፣ እመት ዘነቡ የተባሉ ወጌሻ ሙሉ ገጽ ይዘው አገኙ። እመት ዘነቡ ስለ መዝገቡ መኖር እንኳ ሰምተው አያውቁም።

«አንተ ሰውዬ! ስብራት የምታሽ ባልቴት ተጽፋ ስንት ግመል የሚጭን ኩባንያ ይቀራል? እርሷ ማንን አስመሰከረች?»

«እርሷስ ማንንም አልጠራችም ጌታዬ። አንካሳ የነበሩት ናቸው ራሳቸው በእግራቸው የመጡት።»

ዳኛው ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው ክሱን ዘጉት።

በመጨረሻ ነገሩ ደጃዝማች ዘንድ ደረሰ። መሪጌታ ተጠርተው ግቢ ሲገቡ፣ ደጃዝማች አቶ ጓንጉል እጅ መንሻ ባቀረቡላቸው ግራጫ በቅሎ ላይ እንደ ተቀመጡ ጠበቋቸው። መኳንንቱ በሙሉ ቆመዋል።

«መሪጌታ፣ የጓንጉልን ኩባንያ ዛሬውኑ ጻፈው። አልጽፍም ካልክ ማደሪያህን እነቅላለሁ።»

መሪጌታ ብዕራቸውን ከቀለሙ አጠቀሱ።

«እሺ ጌታዬ። ምስክር መጥቀስ ግድ ነውና፣ ‹ምስክሩ ደጃዝማች ናቸው፤ ለምስክርነት የመጡትም በጓንጉል በቅሎ ነው› ብዬ ልጀምር?»

ደጃዝማች ልጓሙን ስበው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ኩባንያውም ሳይጻፍ ቀረ።

ሰው ሲያወራው ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኔም ለብዙ ዘመን የማውቀው ይህንኑ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን የመሪጌታ የልጅ ልጅ የቀረውን ነገሩኝ። ማደሪያው በዚያው ሰኔ፣ ታርሶና ለስልሶ ዘር ሲጠብቅ፣ ተነቅሎ ለኩባንያው ተሰጠ። ጎረቤት ሊያጽናና ተሰብስቦ ቢያለቅስ፣ መሪጌታ ብዕራቸውን እየቀረጹ እንዲህ አሉ፦

«ምን ያስለቅሳችኋል? ኩባንያው ይኸውና አሁን ገና ለመዝገብ የሚበቃ ሥራ ሠራ!»