የአንሙት ጣባ

በድሮ ዘመን፣ ድንጋይ ከሰው በሚበዛበት አንድ ዳገታም አገር፣ ሁለት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር። አንዱ አንሙት ይባላል፤ እጁ ብርቱ፣ አፉ ሰነፍ። ሌላው ዳኘው ይባላል፤ አፉ ብርቱ፣ እጁ ሰነፍ። ማን እንደሚያሸንፍ ከወዲሁ ያወቃችሁ ይመስላችኋል። የምታውቁት ግማሹን ነው።

የአንሙት እርሻ ከኮረብታ ግርጌ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይወርድበታል። በመጀመሪያው ዓመት ገብሱን ወሰደ። በሁለተኛው ዓመት አፈሩን ወሰደ። በሦስተኛው ዓመት የሚወስደው ቢያጣ ድንጋይ አምጥቶ ጣለበት።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ኮረብታን በእርከን ያቀና ሰው፣ ከሥሩ ምንጭ ከፈለቀ፣ ቀድሞ የሚያጠጣው እሱ ነው። ሌላው ተራውን ይጠብቃል። አንሙት ይህን አሰበና ጎርፍ ያመጣውን ድንጋይ መልሶ ተሸክሞ ወደ ኮረብታው ወጣ።

አንሙት ካብ ሲክብ ዓይኑን አያምንም ነበር። ረጅም እንጨት በካቡ ላይ ያጋድማል፤ በእንጨቱ ላይ እስከ አፉ ውሃ የሞላ ጣባ ያስቀምጣል። ውሃው በግራ ከፈሰሰ ድንጋዩን ይነቅላል። በቀኝ ከፈሰሰ ድንጋዩን ይነቅላል። ካልፈሰሰ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንዲህ እያለ ካቡ የኮረብታውን ሆድ ተከትሎ ይጠማዘዝ ነበር።

ዳኘው በመንገድ ሲያልፍ ይስቅበታል።

«አንተ አንሙት፣ ካብህ ጠላ ቤት አድሯል እንዴ?»

«ኮረብታው ነው የጠመመው።»

«ጣባውስ? ድንጋዩ ጠምቶታል?»

«ውሃውን እየጠየቅኩት ነው።»

«ምን አለህ?»

«በዚህ በኩል ዝቅ በል አለኝ።»

ሦስት ክረምት አለፈ። ጎርፉ ቆመ፣ አፈሩ ተኛ፣ ምንጭ ፈለቀ።

ምንጩ በፈለቀ ማግስት ዳኘው ሳቁን ትቶ መጣ። «ካቡ የኔ ነው፤ ውሃውም የኔ ነው» አለ። ነገሩ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኘው በላ ልበልሃ ያውቃል። ነጠላውን አጣፍቶ፣ በትሩን እያወዛወዘ፣ በመጀመሪያው ክረምት መሠረት እንደጣለ፣ በሁለተኛው እንደካበ፣ በሦስተኛው በካቡ ራስ ላይ ሣር እንደተከለ በግጥም አወረደው።

የአንሙት ተራ ደረሰ። «ካቡ የኔ ነው» አለ። ይህን ብሎ ተቀመጠ።

ዳኛው ወደ ሦስቱ የአገር ሽማግሌዎች ዞረ። ሦስቱም አንሙት ድንጋይ ሲሸከም በየቀኑ ያዩት ነበር። ሦስቱም የዳኘውን ምላስ ይፈሩ ነበር። አንዱ መሬት አየ። አንዱ ሰማይ አየ። አንዱ «እኔ እንኳ በዚያ ወራት አሞኝ ተኝቼ ነበር» አለ።

አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል። ውሃው ለዳኘው ተፈረደ።

አንሙት ሰባት ዓመት በገዛ ካቡ ሥር መጨረሻ ተራ እየጠበቀ ኖረ። ጓሮው የተከለው ጌሾ ውሃ አጥቶ ደረቀ። ሚስቱ ይታይሽ፣ «እንዲህ ዝም ብለህ ልትቀር ነው?» ትለዋለች።

«ተናግሬ ነበር» ይላታል።

በሰባተኛው ዓመት የኮረብታው ዝና ለአገረ ገዥው ደረሰ። ዳኘውን አስጠራና፣ «ከደጄ ፊት ያለውን ኮረብታ እንዲሁ አቅናልኝ» አለው።

ዳኘው ወደ አንሙት መጣ። «ወንድሜ አንሙት፣ ያንን ካብ እንዴት ነበር የሠራነው?»

«ውሃውን ጠይቀው» አለው አንሙት።

በሁለተኛው ቀን መጣ። «ጣባ ያዝ» አለው አንሙት።

በሦስተኛው ቀን መጣ። «ዝቅ በል ሲልህ ዝቅ በል» አለው።

ሦስቱም እውነት ነበር። ዳኘው ግን የተሰደበ መሰለው። «ዝቅ ማለቱ ላንተ ይሁን» ብሎ ሄደ።

ከገዥው ደጅ ሲታይ እንዲያምር፣ ካቡን እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ አድርጎ አስካበ። ገዥው አይቶ «ካብ ማለት እንዲህ ነው» አለና ሸማ አለበሰው።

በሰኔ ውሃው ከካቡ ጀርባ ተኛ። በሐምሌ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ሄዶ ተጠራቀመ። በነሐሴ ካቡን ጥሶ ወረደ፤ የገዥውን ጎተራ ከነገብሱ፣ በረቱን ከነከብቱ ጠርጎ ወሰደ።

ዳኘው ታስሮ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ። «የመጀመሪያውን ካብ የሠራው አንሙት ነው። እኔ ከሱ አይቼ ነው ያስካብኩት። የሚጠየቅ ካለ እሱ ይጠየቅ።»

አንሙት ተጠራ። ይታይሽ ከደጅ ነጠላውን ይዛ አስቆመችው። «የኔ አይደለም በል። ሰባት ዓመት የሱ ነበር፤ ዛሬም የሱ ይሁን። ሊያሰቅልህ ነው።»

ገዥው፣ «ያ ካብ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

አንሙት የታሰረውን ዳኘውን አየ። ለምስክር የተጠሩትን ሽማግሌዎች አየ። ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ።

«ካቡ የኔ ነው» አለ። የዛሬ ሰባት ዓመት ያለውን ቃል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ።

ከዚያ እንጨትና ጣባ ለመነ። እንጨቱን ከተረፈው የዳኘው ካብ ላይ አጋድሞ ጣባውን አስቀመጠበት፤ ውሃው ፈሰሰ። ገዥውን ወደ መጀመሪያው ኮረብታ ወሰደው። በላይኛው እርከን አስቀመጠው፤ አልፈሰሰም። በመካከለኛው አስቀመጠው፤ አልፈሰሰም። በታችኛው አስቀመጠው፤ አልፈሰሰም። በላ ልበልሃ የሚል ሰው አላስፈለገም።

ምንጩ ለአንሙት ተመለሰ። ዳኘው የፈረሰውን ካብ በገዛ ትከሻው ድንጋይ እየተሸከመ እንዲመልስ ተፈረደበት፤ ጣባውን ያዥ አንሙት ሆነ። ውሃው በፈሰሰ ቁጥር አንሙት «ንቀል» ይላል፤ ዳኘው ይነቅላል።

ሽማግሌዎቹ ወደ አንሙት ቤት መጡ። «እኛኮ ድሮም እናውቅ ነበር» አሉት።

«እንደምታውቁማ አውቅ ነበር» አለ፤ ተነሥቶም ውሃውን ወደ ማሳው መራ። ገብሱ አቆጠቆጠ። ጌሾው ግን ደርቆ ቀረ።

እንግዲህ ልጆች፣ ውሃ ሐሰት አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ግን ቀስ ብሎ ነው። ጎርፍ የወሰደውን አፈር ካብ ይመልሰዋል፤ አይቶ ዝም ያለ ሰው የወሰደውን ዓመት የሚመልስ ካብ የለም። እኔ ተረቱን እዚህ ላይ አኖርኩት፤ ጠማማ መሆን አለመሆኑን በየጣባችሁ ለኩት።