ሐይቅ ውስጥ የቀረው መጅ

ሻለቃ ግዛቸው የዓሣ ጠባሿን መጅ ቀምቶ ሐይቅ ከተተባት። ሰውዬው የጠላቂ ወታደሮች አሠልጣኝ ነው፤ አንዱ ሠልጣኝ እንደ ቡሽ እየተንሳፈፈ አልሰምጥ ቢለው፣ ዳጣ የምትፈጭበትን መጅ ወገቡ ላይ አስሮ ወረወረው። ሠልጣኙ ደንግጦ ገመዱን ፈታና ወጣ፤ መጁ እዚያው ቀረ።

ገበያዋ ጭር ሲልባት የሠልጣኞቹ ሰልፍ መሀል ዘው አለች። "ጌታዬ፣ መጄን ያስወጡልኝ እንጂ! ዓሣዬን ያለ ዳጣ ማን ይበላልኛል?"

ሻለቃው ደረቱን ነፋ። "ሂጂ ወዲያ! ጠላቂ የማሠለጥነው ለድንጋይ ለቀማ መሰለሽ? እዚህ ትንፋሹን ይዞ ታች የቆየ ነው ማዕረግ የሚያገኘው!"

እሷም እጅ ነስታ እንዲህ አለችው፦

"እንኳን ነገሩኝ! የኔ መጅ ከሐሙስ ጀምሮ አንዴም ሳይተነፍስ ታች ተቀምጧል፤ እንግዲህ ኮሎኔል ያድርጉልኝና፣ ወጥቶ ዳጣ እስኪፈጭልኝ ደሞዙን እኔ ልቀበልለት።"