እማሆይ አይጥና የሁዳዴው ንፍሮ

«ልጄ፣ ጾምህንም አትፍታ፣ በሬህንም አትፍታ!» ይሉት ነበር የይመኑ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና።

ስሙኝማ፤ ነገሩ እህልም አይጥም አፍ በነበራቸው ዘመን ነው። ይመኑ ጸሎተኛ ገበሬ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ጎተራው ውስጥ የቀረው አንድ ስልቻ ስንዴና አንድ ስልቻ ባቄላ ነው። ዝናቡ ሳይመጣ አርሶ ካልጨረሰ የከርሞ ጉርስ የለውም።

ሁለቱን ቀላቅሎ ንፍሮ ሊጥድ ሲል፣ አንዲት አይጥ አመድ ተነስንሳ፣ የሽንኩርት ልጣጭ እንደ ቆብ ደፍታ ብቅ አለች።

«እግዜር ይፍታህ! በሁዳዴ ሁለት እህል ባንድ ማሰሮ? ይሄማ ድግስ ነው!»

«አላወቅሁም፣ እማሆይ» አለ ደንግጦ።

«በል አንዱን ብቻ ቀቅል። ስልቾቹን ክፍት ተውልኝ፤ እጸልይባቸዋለሁ።»

መጀመሪያ ስንዴን ለብቻው ቀቀለ። «ያን ሆድ ነፊ ምን ያደርግልሃል? እኔ እበቃለሁ!» አለ ስንዴ። በሳምንቱ የይመኑ ጉልበት ተብረከረከ።

ቀጥሎ ባቄላን ለብቻው ቀቀለ። «ወግድ አንት ቀጫጫ! ወገብ ማለት እኔ ነኝ!» አለ ባቄላ። በሳምንቱ ክንዱም ዛለ።

«እንግዲያው በውሃ ብቻ ጹም» አለች እማሆይ፣ ሆዷን እያሻሸች።

በሦስተኛው ሳምንት ይመኑ እርፉን እንደጨበጠ ተደፋ። በሬው ቦራ ዘወር ብሎ፣ «ጌታዬ፣ አንተ ቀንበሩን ተሸከም፣ እኔ ልረስ እንዴ?» አለው።

በዚያ አንድ ለማኝ ሲያልፍ አየው። የጾሙ ሰዓት አልፎ ነበርና፣ ከየቤቱ የለመነውን ስንዴና ባቄላ ከኮሮጆው እያፈሰ ይቆረጥማል። ይመኑን ባንድ እጁ አንስቶ፣ የእማሆይን ትእዛዝ ከአፉ እየሰማ ቤቱ አደረሰው። እዚያ እማሆይ አይጥ ከስልቾቹ መሀል ከበሮ አክላ ተቀምጣለች።

«እማሆይ፣ እርስዎ የትኛውን ነው የሚጾሙት?» አላት ለማኙ።

ልትመልስ አፏን ብትከፍት ከአንዱ ጉንጯ ስንዴ፣ ከሌላው ባቄላ ፈሰሰ። ቆቧን ጥላ ፈረጠጠች።

«ለካ እኔን የጎደለኝ አንተ ጋ ነው» አለ ስንዴ አፍሮ።

«የኔም አንተ ጋ ነበር፤ በል ጠጋ በል» አለ ባቄላ። ተያይዘው ማሰሮ ገቡ።

ይመኑ ያን ንፍሮ እየበላ ለሆሳዕና እርሻውን ጨረሰ። ዝናቡ በማግስቱ ጣለ። «ጾሙንስ አልሻርክም?» ላሉት ሁሉ የዚያን ለማኝ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራቸዋል፦

«ወንድሜ፣ እግዜር ጹም አለህ እንጂ እህልን ከእህል አጣላ አላለህም።»